«ኒም ነው» ብዬ ለእናቴ ያጠጣኋት ቅጠል

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፍቅርም ስለ ትዳርም አይደለም። ስለ ቅጠል ነው። «ደግሞ ስለ ቅጠል ምን ይወራል?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት አደራ! እኔም እስከ አምና ድረስ እንደናንተው ነበርኩ። ቅጠል ሁሉ አረንጓዴ፣ ዛፍ ሁሉ ጥላ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይሄ አለማወቄ ግን እናቴን ሊያሳጣኝ ምንም አልቀረው።

ተወልጄ ያደግኩት መርካቶ ነው። 12ኛ ክፍል እንደጨረስኩ ውጤት አልመጣልኝምና ጫማ መሸጫ ሱቅ ተቀጠርኩ። መጻፍ እስክጀምር ድረስ ብዙ ዓመት እዚያው ሠርቻለሁ። የመርካቶ ልጅ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ዓይኑ ሚዛን ነው። አንድ ጫማ እጄ ከገባ ኦርጅናል ይሁን ፎርጅድ ለመለየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም። ስፌቱን አያለሁ፤ ሶሉን አጥፌ እለቀዋለሁ፤ አፍንጫዬ ላይ አስጠግቼ የማስቲሹን ሽታ አሸታለሁ፤ ክብደቱን በመዳፌ እመዝናለሁ። የቀጠረኝ ሰውዬ በመጀመሪያው ቀን ያለኝን እስከዛሬ አልረሳሁትም። «ስሙን አትመን። ስም ማንም ይለጥፋል። ገልብጠህ እይ!»

ይሄ ምክር ለጫማ ብቻ መሰለኝ። አይ ሞኝነት!

ሠርግ ሄጄ ቅጠል ይዤ መጣሁ

እናቴ ስኳር አለባት። ጠዋትና ማታ የምትውጠው ኪኒን አላት። ኪኒኑ ሲወደድባት ግን እኔ ሳላውቅ አንድ ቀን እየዘለለች አንድ ቀን ትውጥ ጀመር። ይሄን ያወቅኩት ባዶ መሆን የነበረበት ብልቃጥ ግማሽ ሆኖ ሳገኘው ነው። ተቆጣኋት። «ልጄ፣ ለአንተ የቤት ኪራይ ይቅርልህ ብዬ እኮ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ልቆጣት?

እኔም ሌላ መላ መፈለግ ያዝኩ። መርካቶ ደግሞ መላ የሚነግርህ ሰው ሞልቷል። ሻይ ቤቱም፣ ጫኝና አውራጁም፣ ደንበኛውም ሐኪም ነው። «ለስኳር ኒም የሚያክል የለም!» የሚለውን ከስንት ሰው እንደሰማሁት ልነግራችሁ አልችልም። ኒም ምን እንደሚመስል የጠየቅኩት ሰው ግን አንድም የለም። የጠየቅኩት የት እንደሚገኝ ብቻ ነበር።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ጓደኛችን አገባና ለሠርጉ ቢሾፍቱ ወረድን። በማግስቱ፣ ጨዋታውም ድካሙም ገና ሳይለቀን፣ ሐይቁ ዳር ወጣን። እኛ የባህር በር የሌለን ሰዎች ሐይቁንም «ባህር» ነው የምንለው። ባህር ዳርስ ስሟን ያገኘችው ከጣና አይደል? እና ባህሩ ዳር ሆነን ፎቶ ስንነሳ ከአንድ ዛፍ ሥር ቆምን። ቅጠሉ ደቃቅ፣ ቢጫ ቢጫ ፍሬ እንደ ወይን በዘለላ የተንጠለጠለበት፣ ደስ የሚል ዛፍ። ፎቶ የሚያነሳን ልጅ፣ «ይሄ እኮ ኒም ነው። ለስኳር፣ ለወባ፣ ለቆዳ... የማያድነው የለም!» አለን።

ልቤ ዘለለ! ፈልጌ ያጣሁት መድኃኒት፣ በነፃ፣ ያውም ጥላው ሥር ቆሜ! ሳልውል ሳላድር አንድ ቅርንጫፍ ከነፍሬው ሰብሬ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። አልገለበጥኩም። አላሸተትኩም። ሁለተኛ ሰውም አልጠየቅኩም። ለ500 ብር ጫማ የማደርገውን ምርመራ ለእናቴ አፍ አላደረግኩትም።

ማታውኑ ቅጠሉን ቀቀልኩ። «ፍሬው ይበልጥ ጉልበት ይኖረዋል» ብዬ ከፍሬውም ወቅጬ ጨመርኩበት። እናቴ ብርጭቆውን ተቀበለችኝ፣ ሽታው ፊቷን አስጨማደዳት፣ አማተበችና፣ «የልጄ እጅ መድኃኒት ነው» ብላ ጨለጠችው።

ይቺን ቃል እስከዛሬ ስሰማት ጆሮዬ ይቃጠላል።

ሌሊት አምስት ሰዓት ሲሆን ማስመለስ ጀመረች። መጀመሪያ «ቆሻሻው እየወጣላት ነው» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ምን ዓይነት ድፍረት እንደሆነ አያችሁልኝ? ስድስት ሰዓት ላይ ሆዷ ተለቀቀ። ትንሽ ቆይቶ እጇ መንቀጥቀጥ ያዘ፣ ስጠራት ቶሎ አልመልስልህ አለችኝ። ያኔ ነው የባነንኩት። ጎረቤት ቀስቅሼ መኪና ጠርተን ሕክምና ወሰድናት።

ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው። «ምን ወሰዱ?» አለኝ።

«ቅጠል።»

«የምን ቅጠል?»

«ኒም።»

«ኒም መሆኑን እርግጠኛ ነህ?»

ዝም አልኩ። መርካቶ ውስጥ በሰው ዘንድ ዓይን አለው የምባለው ልጅ፣ እናቴ ምን እንደጠጣች መናገር አቃተኝ። ሐኪሙ አልተቆጣኝም። «ስሙ ብዙም አይጠቅመኝም። የተረፈ ቅጠል ካለ ሮጠህ አምጣልኝ» ብቻ አለኝ።

«የአሰብ ሰው ኒም ይሳሳታል?»

ግቢያችን ውስጥ አንዲት እማማ አሉ። አሰብ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት፤ ባለቤታቸው ወደብ ሠራተኛ ነበሩ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ እንደ ብዙ ኢትዮጵያውያን እቃቸውን ትተው ወጡና መርካቶ ዘመድ ቤት አረፉ። ያረፉበት ቤት ቋሚ ቤታቸው ሆኖ ቀረ። በራፋቸው ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የኒዶ ቆርቆሮ ተደርድሯል። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ እሬት... አንዳንዱን እኔ ስሙን የማላውቀው። እኛ የግቢው ልጆች «የእማማ ጫካ» እያልን እንቀልድባቸው ነበር።

ያን ሌሊት ፌስታሉን ይዤ ስወጣ በራፋቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጩኸት ሰምተው ነው የወጡት። «እስቲ አሳየኝ» አሉኝ። በስልኬ መብራት ቅርንጫፉን አየት አደረጉት። ሦስት ሰከንድ የፈጀባቸው አይመስለኝም።

«ይሄ ኒም አይደለም!»

«እንዴት አወቁ እማማ?»

«የአሰብ ሰው ኒም ይሳሳታል? በል ሩጥ! ፍሬውን እንደጠጣች ንገራቸው። ፍሬው ነው ክፉው!»

ሮጥኩ። ሐኪሙ ቅርንጫፉን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ፣ ፍሬውን ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ልቧንም፣ ስኳሯንም፣ ትንፋሿንም እየደጋገሙ ሲከታተሉ አደሩ። በክንዷ ፈሳሽ ሰጧት። ሁለት ቀን ተኝታ ወጣች። ስትወጣ ሐኪሙ አንድ ነገር ጨመረልኝ። «እውነተኛው ኒም ቢሆንስ ኖሮ ምን አሰብክ? የስኳር ኪኒን በሚወስድ ሰው ላይ ሌላ ስኳር የሚያወርድ ነገር ስትደርብ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ሳትጠይቀን ምንም አትስጣቸው» አለኝ።

አንድ ስም፣ ሁለት ዛፍ

እናቴ ከዳነች በኋላ ቡና ይዤ እማማ ዘንድ ሄድኩ። ያቺ «የእማማ ጫካ» እያልኩ የቀለድኩባት በራፍ ላይ ተቀምጬ እንደ ተማሪ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም ቅርንጫፉን አስወጡኝ።

«እይ! ኒም አንድ ዘንግ ነው ያለው። በዘንጉ ግራና ቀኝ ቅጠሉ ይደረደራል፣ በቃ። የአንተው ግን ዘንጉ ሌሎች ትንንሽ ዘንጎች ወልዷል። ቅጠሎቹ የተደረደሩት በልጆቹ ላይ ነው። አየህ?»

አየሁ! ጥር ላይ ባየው ኖሮ...

ሌላውንም ነገሩኝ። የኒም ቅጠል ወደ አንድ ጎን እንደ ማጭድ ቀለስ ያለ ነው፤ ጠርዙ የመጋዝ ጥርስ አለው። አበባው ነጭ ነው። ፍሬው ሞላላ፣ እንደ ወይራ ፍሬ ያለ ነው። የኔው ዛፍ አበባ ግን ወይን ጠጅ ነው፤ ፍሬው ድቡልቡል ነው፤ ቅጠሉ ረግፎ እንኳ ፍሬው በዘለላ እንደተንጠለጠለ ይቆያል። የፍሬው ጠንካራ አጥንት በተፈጥሮው መሐሉን የተበሳ ስለሚመስል በአንዳንድ አገር ለመቁጠሪያ ይሰኩታል። ወፍ ይበላዋል፣ ሰው ግን ይመርዛል። «ወፍ በላው ብለህ አትብላ» አሉኝ። ይሄን ምክር ከሰማሁት ሁሉ አጥብቄ የያዝኩት ነው።

በኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ የገረመኝን ልንገራችሁ። ሁለቱ ዛፎች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሳይንቲስቶች እውነተኛውን ኒም «አዛዲራክታ ኢንዲካ»፣ የኔን ዛፍ ደግሞ «ሜሊያ አዜዳራክ» ይሏቸዋል። «አዛዲራክታ» እና «አዜዳራክ» ሁለቱም ከአንድ የፋርስ ቃል የመጡ ናቸው፤ ትርጉሙም ክቡር ዛፍ እንደማለት ነው። እንግዲህ ሊቃውንቱ እንኳ ስም ሲያወጡ መንታ ስም ነው የሰጧቸው። በኛም አገር ብዙ ሰው ሁለቱንም «ኒም» እያለ ይጠራቸዋል። ታዲያ ያ ፎቶ አንሺ ልጅ ዋሸኝ ልበል? አልዋሸኝም። የሚያውቀውን ስም ነው የነገረኝ። ሳልገለብጥ የገዛሁት እኔ ነኝ!

«ደግሞ ሌላ ምልክት ነበረልህ» አሉ እማማ። «ኒም ቆላ ነው የሚወደው። ሙቀት ነው የሚወደው። እኛ ግቢ አሰብ ላይ ያለ ውሃ ማለት ይቻላል፣ በዚያ ሐሩር ጥላውን ዘርግቶ ቡና የምንጠጣው ሥሩ ነበር። በአሰብ ጥላ ማለት እንጀራ ማለት ነው። እዚህ መጥቼ በሰመራ መስመር የሚነዱ ሾፌሮች ፍሬ አመጡልኝ። ሦስት ጊዜ በቆርቆሮ ዘራሁት። ሦስቴም በቀለ፣ ሦስቴም የሐምሌ ብርድ ገደለው።»

እውነታቸውን ነው። አሰብ ከባህር ወለል ጋር እኩል ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው። አንድን ዛፍ ለመለየት ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን የት እንደቆመም ማየት ያስፈልጋል። ደጋ ላይ «ኒም ነው» ያላችሁ ሰው ካለ መጠርጠር ጥሩ ነው።

ጨው የሚያልበው ቅጠል

ከዚያን ቀን በኋላ ቡናው ልማድ ሆነ። እኔ ባህር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ኤርትራ ነፃነቷን ያወጀችው በ1985 ዓ.ም. ነው፣ እኔ ከመወለዴ በፊት። እማማ ግን ባህሩን በተክሎቹ አድርገው አሳዩኝ።

ስለ ማንግሮቭ ሲነግሩኝ እየቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር። ማዕበሉ በሚመላለስበት ጭቃ ውስጥ የሚቆም ዛፍ ነው። ሥሩ ወደታች ብቻ አይሄድም፤ ከጭቃው እንደ እርሳስ ቀጥ ቀጥ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ጭቃው አየር ስለሌለው በነዚያ «እርሳሶች» ነው የሚተነፍሰው። ቅጠሉ ከላይ ያብረቀርቃል፣ ከሥር አመድማ ነው። የጠጣውን ጨው ደግሞ በቅጠሉ ያስወጣዋል። «ቅጠሉን በምላስህ ብትነካው ጨው ጨው ይላል። ግመል እንዴት እንደሚወደው!» አሉኝ።

የዚህ ዛፍ ነገር ከምፅዋ ደቡብ ባለችው ሕርጊጎ አንድ ጥሩ ታሪክ አለው። ጎርደን ሳቶ የሚባሉ የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካዊ ሳይንቲስት ነበሩ። ባህሩ ዳር ሲመለከቱ ማንግሮቭ በሁሉም ቦታ አይበቅልም፤ የሚበቅለው ዝናብ ሲዘንብ ጎርፍ ከየብስ ወደ ባህር በሚገባበት ቦታ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ንጹህ ውሃ ስለሚያገኝ ነው» ብሎ ይተወው ነበር። እሳቸው ግን ጎርፉ ይዞት የሚመጣው ማዕድን ነው የሚጠቅመው ብለው አሰቡ። ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ብረት እየሰጡ ባዶ በነበረው ዳርቻ ላይ ማንግሮቭ አበቀሉ። ቅጠሉ ለፍየልና ለበግ መኖ ሆነ። በ2002 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሥራቸው የሮሌክስ ሽልማት ተሰጣቸው። አያችሁ? አንድ ተክል የት እንደቆመ አስተውሎ ማየት ስንት ነገር ያመጣል!

ዘንባባን እናውቃለን አይደል? ሆሣዕና ሲመጣ በጣታችን ቀለበት፣ በግንባራችን መስቀል የምንሠራበት። የባህሩ ዳር ዘንባባዎች ግን ብዙ ዓይነት ናቸው። እማማ በሁለት ምልክት ለዩልኝ። የቴምር ቅጠል እንደ ላባ ነው፤ ከመሐል ዘንጉ ግራና ቀኝ ይወጣል። ዱም የሚባለው ደግሞ እንደ ተዘረጋ መዳፍ፣ እንደ ማራገቢያ ነው። ከዘንባባ ወገን ብዙዎቹ ቀጥ ብለው ያድጋሉ፤ ዱም ግን ግንዱ ቅርንጫፍ ያወጣል። አፋሮች በዚህ ቅጠል ሰሌን ይሠሩበታል።

መርዛሞቹንም አልደበቁኝም። በአሸዋው ላይ ማንም ሳይተክለው የሚበቅል፣ ቅጠሉ ሰፊና አመድማ፣ ስትቀነጥሱት እንደ ወተት የሚፈስ ተክል አለ። አንዳንዱ ቅምቦ፣ አንዳንዱ ጦቢያው ይለዋል። ፍሬው ተነፍቶ የቆመ አረንጓዴ ፊኛ ይመስላል፣ ውስጡ እንደ ጥጥ ለስላሳ ነው። ልጆች ፍሬውን ሊጫወቱበት ይቀጥፉታል። ወተቱ ዓይን ከነካ ግን ጉድ ነው! እኛ ቆላማ አካባቢዎችም ሞልቷል። ከግቢ አበባዎች ደግሞ ኦሊያንደር የሚባለውን ጠንቀቅ በሉ። ቅጠሉ ረዘም ጠበብ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ሦስት ሆኖ ከአንድ ቦታ የሚወጣ፣ አበባው ሮዝ ወይም ነጭ ነው። ውበቱን አይታችሁ ዝንጣፊውን ለሥጋ መጥበሻ እንጨት እንዳታደርጉት፤ ከሥሩ እስከ አበባው መርዝ ነው።

ከሐይቅ ዳር አበባ ይዛችሁ እንዳትመጡ

እኛ የዚህ ዘመን ወጣቶች ሐይቅ ዳር መዝናናት እንወዳለን። ቢሾፍቱ፣ ሀዋሳ፣ ባህር ዳር... ፎቶ ተነስተን አንድ አበባ ቀጥፈን ስንመለስ ደስ ይለናል። አንድ አበባ ግን በፍጹም እንዳትነኩብኝ! ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ቅጠሉ ክብ የሚያብረቀርቅ፣ የቅጠሉ አንገት እንደ ስፖንጅ ያበጠ፣ አበባው ወይን ጠጅ ሆኖ ከላይ ባለው ቅጠሉ መሐል ቢጫ ነጥብ ያለው። እንዴት ያምራል መሰላችሁ! እሱ ነው እምቦጭ የሚባለው። በአገራችን በ1965 እ.ኤ.አ. በቆቃና በአዋሽ ወንዝ ላይ ታየ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጣና ላይ ተገኘ። የጣና ዳር ገበሬ በእጁ ሲነቅለው የዋለው ይሄን ውብ አበባ ነው። «ለጋን ውስጥ ያምራል» ብላችሁ ወስዳችሁ ሌላ ኩሬ ውስጥ ብትጥሉት ለዚያ ኩሬ ጠላት ወሰዳችሁ ማለት ነው።

ፊታችሁንና ፀጉራችሁን በእሬት የምትቀቡ እህቶች ወንድሞችም አትርሱ። እሬት ከቃጫ ጋር ይምታታል። ሁለቱም ወፍራም ቅጠል፣ ጠርዙ እሾህ ያለው ነው። ስበሩት! እሬት በቀላሉ ይሰበራል፣ ውስጡ ዝልግልግ ነው፣ ቢጫ መራራ ፈሳሽ ይወጣዋል። ቃጫ ግን ስትሰብሩት ክሩ አልላቀቅ ይላል፤ ገመድ የሚሠራበት ያ ክር ነው። የቃጫው ጫፍ ደግሞ አንድ ጠንካራ መርፌ አለው። ፈሳሹ ቆዳ ያሳክካል፣ ያቃጥላል። ውበት ፍለጋ ሄዳችሁ ፊታችሁን እንዳታስለበልቡ!

እንግዲህ ምን ይሻላል?

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የእጽዋት ሊቅም አይደለሁም። ከስህተቴ የተማርኩትን ግን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ በስም አትግዙ፣ በስምም አትቅጠፉ። አንድ ስም ሁለትና ሦስት ተክል ይይዛል፤ አንድ ተክልም እንደየአገሩ አምስት ስም አለው።

ሁለተኛ፣ ቢያንስ አራት ምልክት እዩ። ቅጠሉ በዘንጉ ላይ እንዴት ነው የተደረደረው? አበባው ምን ቀለም ነው? ፍሬው ምን ቅርጽ አለው? ሲቀነጠስ ምን ይፈሳል? አራቱ ካልተስማሙ ተውት። ጫማም ቢሆን በስፌቱ ብቻ አይገዛም።

ሦስተኛ፣ ለመለየት ብላችሁ አትቅመሱ። መራራ ሁሉ መድኃኒት አይደለም። ወፍም ፍየልም የበላው ሁሉ ለሰው አይሆንም።

አራተኛ፣ የታወቀ ተክልም ቢሆን፣ ኪኒን ለሚወስድ ሰው፣ ለእርጉዝ፣ ለሕፃን ሐኪም ሳትጠይቁ አትስጡ።

አምስተኛ፣ እግዜር አያድርገውና ሰው ከተመረዘ የተረፈውን ቅጠል፣ ፍሬውን፣ አበባውን ይዛችሁ ወደ ሕክምና ሩጡ። «ቆሻሻው እየወጣለት ነው» ብላችሁ ራሳችሁን አታታልሉ። እኔ አንድ ሰዓት አባክኛለሁ።

ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ከተማችን ቦታ አላት። አራት ኪሎ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ውስጥ የደረቁ ተክሎች ከነስማቸው ተቀምጠዋል። ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ሄዳችሁም እየተዘዋወራችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሊቃውንቱ ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ ደክመው 6,000 ገደማ ተክሎችን በስምንት ቅጽ መዝግበዋል። የመጽሐፉ ስም «የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት» ነው። ይሄን ለእማማ ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና፣ «ቅጠሉንስ አንድ ላይ አስቀመጡት» አሉ። ከዚያ ቡናውን ቀዱልኝ።

ከሁለት ወር በፊት አንድ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ለምኜው እውነተኛ የኒም ዝንጣፊ አመጣልኝ። እማማ በትሪ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጡ፤ የሱን አንድ ዘንግ፣ የኔን ባለልጅ ዘንግ። ሁለቱንም 12ኛ ክፍል በነበርኩበት የባዮሎጂ ደብተሬ ውስጥ አድርቄ ስማቸውን፣ የመጡበትን ቦታና ቀኑን ጻፍኩባቸው። አሁን ደብተሩ 17 ቅጠል ደርሷል። ከጤና አዳም እስከ ጉሎ አለበት።

እናቴም ኪኒኗን አንድም ቀን ሳትዘል ትወስዳለች። የቤት ኪራዩን በሌላ በኩል አብቃቅተነዋል። አንድ ቀን ትሪው ላይ ያሉትን ሁለት ቅጠሎች ስታይ፣ «የትኛው ነው እኔ የጠጣሁት?» አለችኝ። አሳየኋት። አገላብጣ አየችውና፣ «እሱስ ያምራል!» ብላ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም።

እማማ አንድ አደራ ብለውኛል። «ባህር ዳርቻ የመሄድ ዕድል ካገኘህ ከማንግሮቩ አንድ ቅጠል አምጣልኝ። ጨውነቱን ረስቼዋለሁ» ነው ያሉኝ። እሺ ብያለሁ። ከመቅጠፌ በፊት ግን ገልብጬ ነው የማየው!

እናንተስ? በግቢያችሁ በቆርቆሮ ውስጥ የበቀለውን ተክል ስም ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ዛሬውኑ አንዲት እናት ጠይቁ። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።